በትንሽ ቁልፍ ብስክሌትን ከመንገድ ምሰሶ ጋር ማሰር፦ ከጅማ የቀረበ ጥያቄ

አስጠኚዋ (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተማሪዎችን ሒሳብና ፊዚክስ ማስጠናት ነው። ከቦሳ አዲስ እነሣለሁ፤ ፈረንጅ አራዳ አንድ ቤት አለኝ፣ መንቲና ሌላ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የጅሬንን አቀበት እስከ ግማሹ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ በባጃጅ ብመላለስ የምሠራው ለባጃጁ ሹፌር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ብስክሌት እነዳለሁ። ባለ 26 ጎማ፣ ማርሽ ያለው፣ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ነው። ቀለሙ ተላልጧል፤ ሌባ ግን ቀለም መርጦ ሲሰርቅ አላየሁም።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማስረው በፕላስቲክ በተሸፈነ የሽቦ ገመድ ነበር። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ብስክሌት ከአንድ ሕንፃ በር ላይ ሲወሰድ የቀረው ያው ዓይነት ገመድ ብቻ ነበር። አንሥቼ አየሁት። በፒንሳ የተቆረጠው ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል፤ መቆለፊያው ግን እንደተቆለፈ ነው፣ ቁጥሩ እንኳ አልተነካም። ከዚያ በኋላ በዚያ ገመድ ማሰር ራስን ማታለል ሆነብኝ።

ወንድሜ ከውጭ ሲመለስ የዩ ቅርጽ ያለው የብረት ቁልፍ አመጣልኝ። በሜትር ለካሁት፤ በውስጥ በኩል ስፋቱ 8.3 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 18 ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የብረቱ ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር ነው። ሲይዙት ይከብዳል፣ ያስተማምናል። ችግሩ ትንሽነቱ ነው። የከተማችን ምሰሶ ሁሉ ለዚህ ቁልፍ ወፍራም ሆነብኝ። የመብራቱ ባሕር ዛፍ አይሞከርም፣ የኮንክሪቱማ ጭራሽ አይነሣ። የሚገባልኝ የመንገድ ምልክት የተሰቀለበት ቱቦ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን የመቀመጫውን ቱቦ ከምሰሶው ጋር ሳስር ሁለቱም ጎማዎች ነፃ ይቀራሉ፤ የፊት ጎማውን ሳስር ደግሞ ጎማውን ፈትተው ለእኔ ትተው፣ ቀሪውን ይዘው መሄድ ይችላሉ።

ቁልፉ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የቱን ይያዝ? ምሰሶውስ የቱ ይታመናል? ወይስ ቁልፉን ሸጬ ረጅም ሰንሰለት ልግዛ? «ይዘሽው ግቢ» የሚል መልስ ግን አትስጡኝ። ግቢ ያለው ቤት ሲሆን አስገባዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ተማሪ ብስክሌት ተሸክሜ ወጥቼ፣ በዚያ ትንፋሽ ስለ ትሪጎኖሜትሪ ማውራት አልችልም።

መንገደኛው (አዲስ አበባ)

ትንሽ ቁልፍ ለቀጭን ምሰሶ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ምሰሶው ወፍራም ነው። ሽጪውና ወፍራም ሰንሰለት ከጓጉንቸር ጋር ግዢ። ባሕር ዛፉንም ይዞራል፣ የአጥሩንም ብረት ይዞራል፣ ሁለቱንም ጎማዎች ይይዛል። እኔ ሁልጊዜ የማስረው እንዲህ ነው፤ እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰብኝም።

ጎማ ጠጋኝ (ጅማ)

እንዳትሸጪው፣ እህቴ።

ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ከየአቅጣጫው የመጣው ብስክሌት በሬ ላይ ይሰለፋል፤ ስለዚህ የማየው የቁልፍ ዓይነት ብዙ ነው፣ የተሰበረውንም ጨምሮ። ከላይ የጻፈው ወንድሜ ሰንሰለት ያለው ለክፋት አይደለም። ግን የትኛው ሰንሰለት? ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠው ከብት ለማሰር፣ በር ለመዝጋት የሚሆን ለስላሳ ብረት ነው። ለመቆለፊያ ተብሎ በሙቀት የጠነከረው ሰንሰለት ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲከብድ የጅሬንን አቀበት ተሸክመሽው ነው የምትወጪው። ጓጉንቸሩም አለ። ሰንሰለቱ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ሌባው የሚፈልገው የጓጉንቸሩን ቀጭን ቀለበት ነው። ደግሞም ረጅም ሰንሰለት ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል። መሬት ሲነካ ሌባው የብረት መቀሱን አንዱን እጀታ መሬት ላይ ያስደግፍና በሌላው ላይ በሙሉ ክብደቱ ይጫንበታል። አየር ላይ ያለ ብረት በክንድ ኃይል ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ መሬት የነካው ግን በሰው ሙሉ ኪሎ። ልዩነቱን ሞክሮ ያየ ያውቀዋል።

የአንቺ ቁልፍ ትንሽነቱ ጥቅሙ ነው። ዩ ቅርጽ ያለውን ቁልፍ ሳይቆርጡ የሚሰብሩት በውስጡ በቀረው ባዶ ቦታ ነው። ረጅም ቱቦ አስገብተው ይጠመዝዙታል፣ ወይም አነስተኛ የመኪና ክሪክ አስገብተው ይወጥሩታል። ቁልፉ በጎማና በምሰሶ ከሞላ ክሪኩ የት ይገባል? ትልቅ ቁልፍ ገዝቶ ግማሹን ባዶ የሚተው ሰው ለሌባው የሥራ ቦታ አዘጋጀለት ማለት ነው። 13 ሚሊ ሜትር የጠነከረ ብረት ኪስ ውስጥ በሚገባ ፒንሳ አይነካም። በባትሪ የሚሠራ ግራይንደር ይዞ የመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ይቆርጣል፤ ለእሱ መድኃኒቱ የሰው ዓይን ነው፣ ድምፁም ብልጭታውም ሰው ይጠራልና።

አሁን የት እንደሚታሰር። ብስክሌትሽን በግራ ጎኑ፣ ማለትም ካቴና በሌለበት በኩል፣ ከምሰሶው ጋር አስጠጊው። ከመቀመጫው ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ፣ ከመቀመጫው ሥር ወደ ኋላው ጎማ መሐል የሚወርደውን ቀጭን ብረት፣ ከዚያ ወደ ፔዳሉ የሚመለሰውን ሌላ ብረት እይ። ሦስት ማዕዘን ነው፤ ለሒሳብ አስጠኚ ከዚህ በላይ አላብራራም። የኋላው ጎማ የፊት ጠርዝ በዚህ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ታገኚዋለሽ። የቁልፉን ዩ ምሰሶውን አሳቅፊውና ሁለቱን እግሮቹን በሦስት ማዕዘኑ በኩል ወደ ቀኝ አሳልፊ፤ አንዱ እግር በጎማው ሽቦዎች መካከል፣ ከቸርኬው (ላስቲኩ ከተገጠመበት ክብ) በስተ ውስጥ ይለፍ፤ ሌላው ከጎማው ፊት፣ በጎማውና በመቀመጫው ቱቦ መካከል ይለፍ። ያ ክፍተት ከታች በኩል ጠባብ ነው፤ ቁልፉን ወደ ላይ ከፍ ስታደርጊው ይሰፋል። ከዚያ ቀጥ ያለውን ብረት በቀኝ በኩል ግጠሚና ቆልፊ።

እንግዲህ ቁልፉ የያዘው ምሰሶውንና ጎማውን ብቻ ነው፤ የብስክሌቱን ዋና ብረት አልነካም። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይከራከረኛል። ሌባው የኋላውን ጎማ ዳዶ ፈትቶ ጎማውን ወደ ኋላ ሊጎትት ይችላል፤ ቁልፉ ግን በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ስላለ ብረቶቹን ይገጫል፣ አይወጣም። ጎማው ካልወጣ ብስክሌቱ አይሄድም። በአንድ ትንሽ ቁልፍ የብስክሌቱን ዋና አካልም፣ ከሁለቱ ጎማዎች ውዱንም ያዝሽ ማለት ነው፤ ማርሹ ያለው ኋላ ነውና።

ዘዴው የእኔ አይደለም። በሰፊው ያስተዋወቀው ሼልደን ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የብስክሌት ባለሙያ ነው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ የብስክሌት መደብር ይሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዐረፈ። ስለ ብስክሌት የጻፈው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። እኔ ብዙውን ሙያ የተማርኩት ከእሱ ጽሑፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የለካሽውን ቁልፍ ሒሳብ እኔው ልሥራልሽ። የተራራ ብስክሌት ጎማ ከቸርኬው ጋር ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ የቁልፍሽ ስፋት 8.3 ነው፣ ይገባል። ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ በውጭ በኩል 6 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይገባል። በርዝመቱ የጎማው ወርድ 5፣ ምሰሶው 6፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ይጨምራል፤ 18 ሳይሞላ ያበቃል፣ ለክሪክም የሚተርፍ ቦታ የለም። ባለ ሦስት ኢንች ቱቦ ግን ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእሱ ጋር አትታገዪ።

የቁልፉ ቀዳዳ ወደ መሬት ይይ። ዝናቡም አይገባበትም፣ የሚነካካውም ሰው ጎንበስ ማለት ይኖርበታል።

የኪቶው ተማሪ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር አልገባኝም። ሌባው ቁልፉን ትቶ ጎማውንና ቸርኬውን በሴጌቶ ቢቆርጥስ? የቸርኬው አሉሚኒየም ከቁልፉ ብረት በጣም የለሰለሰ ነው። ቁልፉ ዋናውን ብረት ካልያዘ ቸርኬው ሲቆረጥ ሁሉም ነገር ነፃ ይሆናል። ኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የቁሳቁስ ጥንካሬ እየተማርኩ ይህን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

ጎማ ጠጋኝ (ጅማ)

ጥሩ ጠየቅህ፣ ልጄ። ይቆረጣል፤ አይቆረጥም አላልኩም። ግን እስቲ አንተው ቁረጠው። በመጀመሪያ ጎማው አለ፤ የላስቲኩን ጠርዝ ብዙውን ጊዜ የብረት ሽቦ ይዞታል፣ ላስቲኩ ራሱም መጋዝ ይይዛል። ከዚያ ቸርኬው። የተወጠረ ሽቦ በሙሉ ቸርኬውን ወደ መሐል እየሳበው ነው፤ በተማርከው ቋንቋ ቸርኬው በሙሉ ዙሪያው እየተጨመቀ ነው። መጋዝህ ገባ ሲል ቁራጩ ተጠግቶ ምላጩን ይነክሰዋል። ሞክሬዋለሁ፤ የተጣመመ ቸርኬ ሽቦውን ሳልፈታ ልቆርጥ ስል ምላጩ መሐል ላይ ተይዞ ቀርቷል።

በመጨረሻስ ምን ይዞ ይሄዳል? የኋላ ጎማ የሌለው ብስክሌት። ሊነዳው አይችልም፤ በትከሻው ተሸክሞ በፈረንጅ አራዳ ማለፍ አለበት። ለመሸጥ ሌላ ጎማ መግዛት አለበት። ሌባ የሚመርጠው ቁጭ ብሎ የሚነዳውን ነው። መቶ በመቶ የሚባል ነገር በዚህ ሥራ የለም፤ ከጎኑ ከቆመው ብስክሌት ይልቅ የአንተን ማስቸገር ነው ቁም ነገሩ።

ሰፋ ያለ ቁልፍ ያለው ሰው ጎማውንም የመቀመጫውን ቱቦም አንድ ላይ ቢይዝ አልቃወምም። የእህታችን 8.3 ግን ሁለቱን ከምሰሶ ጋር አይችልም፤ በግድ ልክተት ብትል ቀለሙንም ትዕግሥቷንም ትጨርሳለች።

በያጁ

ስለ ምሰሶው ማንም አልመለሰላትም። ቁልፉን ሁለት ገጽ አወራችሁበት፣ ምሰሶውን ረሳችሁት። ሌባ ደግሞ ቁልፉ ሲከብደው ዞር ብሎ የሚያየው ምሰሶውን ነው።

በኮንትራት የምልክት ምሰሶ ተክያለሁ። ሁለት ዓይነት አተካከል አለ። አንደኛው ቱቦው ራሱ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር ነው፤ ጥሩው እሱ ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ላሜራ ተበይዶለት በአራት ብሎን ኮንክሪት ላይ የሚቆም ነው። ለተካዩ ይቀላል፣ ለሌባውም እንዲሁ። መፍቻ የያዘ ሰው አራቱን ዳዶ ፈትቶ ምሰሶውን ያነሣና ቁልፉን ከሥሩ ያወጣዋል፤ ብስክሌቱ ከነቁልፉ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንበስ ብለሽ እግሩን እይ። ብሎን ካለው ዳዶው በብየዳ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? ካልተያዘ እለፊው።

ቀጥሎ በሁለት እጅሽ ያዢና ነቅንቂው፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳቢው። ነቅንቂው ስል በደንብ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ምን ይለኛል ብለሽ አትፈሪ። የእኛ ከተማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ይላላል፤ ኮንክሪቱ ትንሽ ከሆነ ክረምት ላይ ምሰሶው ከነኮንክሪቱ ይንቀሳቀሳል። በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር ለዳር ያሉትን አላምናቸውም። በበጋ የጸናው በነሐሴ ይወዛወዛል።

ሦስተኛ ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በዓይንሽ፣ ከዚያ በእጅሽ ዳሺው። ቀድሞ ተቆርጦ በፕላስተር ወይም በቀለም የተሸፈነ ምሰሶ ይኖራል። ማታ ቆርጦ ቀን የሚጠብቅ ሌባ በሌላ አገርም የታወቀ ነው።

ከዚያ ቀና በይ። ሰሌዳ የሌለው አጭር ምሰሶ ከሆነ ሁለት ሰው ብስክሌቱን ከነቁልፉ አንሥቶ በላይ በኩል ያወጣዋል። ከላይ ከቁልፉ የሚሰፋ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል፤ ሰሌዳውም በሁለት ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ምሰሶው ደግሞ እጅ የሚደርስበት ከሆነ አይጠቅምሽም። ችግኝ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ አትሰሪ። የሱቅና የመስኮት መከላከያ የሚሠራበት አራት ማዕዘን ቱቦም ቢሆን አብዛኛው ስስ ነው። እኔው እየሠራሁ የምሸጠው ነው፤ በሴጌቶ ብዙ አይቆይም።

አስጠኚዋ (ጅማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ጎማ ጠጋኝ፣ እርስዎ ያሉትን ዛሬ ሞከርኩት። ጋሽ በያጁ፣ ምሰሶውንም እንዳሉት ነቀነቅሁት፤ አንድ የሊስትሮ ልጅ «እህቴ፣ ምን አደረገሽ?» አለኝ።

ፈረንጅ አራዳ ከተማሪዬ ሕንፃ ፊት ለፊት ካለው የምልክት ምሰሶ ጀመርኩ። እግሩ ኮንክሪት ውስጥ ገብቷል፤ ዙሪያው በክር ተለክቶ ለ3.14 ሲካፈል 6 ሴንቲ ሜትር ወጣ። (ክሩን ይዤ ስዞር የሊስትሮው ልጅ ሥራውን ትቶ ያየኝ ነበር።) ቁልፉ ገባ። መጀመሪያ ላይ የግራው ፔዳል ከምሰሶው ጋር እየተጋጨ ብስክሌቱን አራቀው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሬ ወደ ላይ ሳደርገው ተጠጋ። ቁልፉ ሲዘጋ በውስጡ የቀረው ቦታ አውራ ጣቴን እንኳ አያስገባም። ጎማውን ለማሽከርከር ሞከርኩ፤ ሽቦው ቁልፉን ነክቶ ቆመ።

መንቲና ያለው ምሰሶ ግን ባለ ሦስት ኢንቹ ነው መሰለኝ፣ እንቢ አለ። እዚያ ምን ላድርግ? ሌላው ጭንቀቴ የፊት ጎማዬ ነው፤ ያለ መፍቻ በእጅ በምትዞር ማንሻ ነው የሚፈታው። መቀመጫውም እንዲሁ። የኋላውን አስሬ ስመለስ የፊቱ ሄዶ ባገኘውስ?

ጎማ ጠጋኝ (ጅማ)

የፊት ጎማው ቀላል ነው። ማንሻ ያለውን ዘንግ አውጥተሽ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ አስገጥሚ፤ ከጎማው መሐል ጋር የሚስማማውን ጠጋኝሽ ይምረጥልሽ። የ15 መፍቻ ሳይዝ የመጣ ሌባ ያልፈዋል። ገንዘቡ ለጊዜው ካልተገኘ ጋራዦች የውኃ ጎማ የሚያስሩበትን የብረት ፋሼታ ግዢና ማንሻዋን ከሹካው ብረት ጋር ጠቅልለሽ በጠመንጃ መፍቻ አጥብቂያት። ማንሻዋ ሳይፈታ አትዞርም። መልኩ አያምርም፤ ሠርግ አይደለም የምትሄጂው።

የመቀመጫውን ማንሻ በብሎን ለውጪው። የብሎኑ ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ከሆነ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች፣ ለቀዳዳው ልክ የሆነች ድብልብል ብረት አስገቢና በላይዋ የቀለጠ ሰም አንጠብጥቢበት። ጅማ ላይ ሰም አይጠፋም። ሌባው መፍቻውን ቢያመጣ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም፤ አንቺ ግን ስትፈልጊ ሰሙን በመርፌ ፈልፍለሽ ታወጪዋለሽ።

ማታ ግን በምንም ምሰሶ ላይ አታሳድሪው። ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ለአንድ ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ትምህርት ነው።

የኪቶው ተማሪ

ጋሼ፣ የቸርኬው መጨመቅ አሳምኖኛል። እጅ ሰጥቻለሁ።

እህቴ፣ የቁልፍሽ መክፈቻ ምን ዓይነት ነው? ጠፍጣፋ ከሆነ አያሳስብሽም። ክብ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የቱቦ ቅርጽ ካለው ግን ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደዚያ ያለ መክፈቻ ያላቸው ቁልፎች በተራ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈቱ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ተሰራጨ። የእስክሪብቶው ፕላስቲክ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ውስጥ ሲጫኑት የውስጡን መርፌዎች ቅርጽ ይይዝና ይዞራል። ክሪፕቶናይት የሚባለው የታወቀ አምራች የብዙ ደንበኞቹን ቁልፍ በነፃ ለመቀየር ተገዷል። ከዚያ ወዲህ ደኅና አምራቾች ወደ ጠፍጣፋ መክፈቻ ዞረዋል፤ በርካሽ የሚሸጠው ውስጥ ግን ክቡ ዛሬም አለ።

አስጠኚዋ (ጅማ)

ጠፍጣፋ ነው፤ እፎይ። ሁለት መክፈቻ ይዞ መጥቷል፣ አንዱን እናቴ ዘንድ አስቀምጣለሁ።

የሊስትሮውን ልጅ ጉዳይ ልጨምር። ክሩንና ምሰሶውን ካየ በኋላ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ታዲያ እኔ እዚህ ነኝ፣ ማን ይነካዋል?» አለ። ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ስመለስ ብስክሌቱ ላይ የዝናብ ላስቲክ አልብሶታል። ከቁልፉ ይልቅ እሱን ሳላምን አልቀረሁም፤ እሱ ግን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ነው።

መንገደኛው (አዲስ አበባ)

ስለ ሰንሰለቱ የተባለውን አንብቤ የራሴን አየሁት። ታች መሬት ይነካል። ዛሬ ከፍ አድርጌ አሰርኩት፤ መሸጡን ግን አልሸጠውም።

የዝናቡን ነገር ልጠይቅ። እኛ ጋ ያለው ዝናብ የእናንተን አያህልም፣ ያም ሆኖ ጓጉንቸሬ ዝጎ መክፈቻው ውስጡ ሊሰበር ነበር። ምን ይቀባል?

ጎማ ጠጋኝ (ጅማ)

ግራሶ እንዳትቀባ። ወፍራም ስለሆነ አቧራና ጭቃ ይሰበስባል፤ በጋ ላይ ውስጡ ይደርቅና መክፈቻው አልዞር ይላል። የስፌት መኪና ዘይት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ አለ፤ ቀጭን ነው፣ ጠብ አድርግበትና መክፈቻውን ደጋግመህ አስገባ አውጣ፣ የወጣውን ዝገት በጨርቅ ጥረግ። ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ፣ በጋ ላይ አልፎ አልፎ። አልዞር ያለውን በኃይል አታዙር፤ ዘይቱን አድርግበትና ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ።

በያጁ

የመንቲናው አልተመለሰላትም። ባለ ሦስት ኢንች ምሰሶ ላይ ቁልፍሽ አይገባም፤ ሌላ ቁልፍ ከመግዛት ግን የተማሪሽን አከራይ ጠይቂው። በሩ ላይ ባለ ሁለት ኢንች ቱቦ በቅስት መልክ አጥፌ፣ ሁለቱንም እግር ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ቀብሬ ኮንክሪት ልሙላበት። ከሚቀበረው ጫፍ ላይ ፌሮ አግድም አሳልፌ እበይዳለሁ፤ ያኔ ቢጠመዝዙትም ቢስቡትም አይወጣም። ቅስቱ ሁለቱም ጫፉ መሬት ውስጥ ስለሆነ በላይ በኩል የሚያወጡት ነገር የለም። ቁልፍሽ ልክ ይገባበታል፤ ሌላም ተከራይ ብስክሌት ቢኖረው ይጠቀምበታል።

አስጠኚዋ (ጅማ)

አከራዩን አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ «በሬ ላይ ብረት አይተከልም» አሉ። የልጅ ልጃቸው ብስክሌት ልግዛ እያለች እንደምታስቸግራቸው ሰምቼ ስለነበር እሷም የምታስርበት ነው አልኳቸው። አሰቡና «ስንት ይፈጃል?» አሉ። ጋሽ በያጁ፣ ዋጋውን ለእርሳቸው ይንገሯቸው፤ እኔ መሐል ላይ ብገባ የእኔ ፍላጎት ብቻ ይመስላቸዋል።

በያጁ

ቱቦና ፌሮ ከእኔ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ከእሳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልመጣ እችላለሁ፤ ካልዘነበ ነው ታዲያ። ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ቢያንስ ሳምንት ማንም ምንም እንዳያስርበት፣ የልጅ ልጃቸውም ጭምር።